ባለ ቀይ ጆሮዋ ላም

አምቦ
ጥቅምት 22 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለአቢጊያ ፉፋ
ጎልዌይ፣ አየርላንድ

አቢዬ፣ እንደምን ከረምሽልኝ? ደብዳቤ ስጀምር ሁልጊዜ «እኛ ደህና ነን» የምትለዋን አስቀድሜ ነው የምጽፈው። ዛሬ ወደ መጨረሻ አስተላልፌያታለሁ። እዚያ ስደርስ እጽፋታለሁ።

የምጽፍልሽ ከብርቅነሽ ሱቅ ነው። ብርቅነሽ እኛ ቤት ከእናትሽ ጋር ካርድ እየተጫወተች ነው፤ እኔ በእሷ ፋንታ ሱቅ እጠብቃለሁ። እንድንለዋወጥ የለመንኳት እኔ ነኝ። ቤት ተቀምጬ ብጽፍ እናትሽ ከኋላዬ ቆማ ታነባለች፤ ስልክም ስትደውይ ከጎኔ አትርቅም። ስለዚህ እስከ ዛሬ በስልክ የነገርኩሽ ሁሉ እሷ እየሰማች የነገርኩሽ ነው። ኮሌጅ የሚያስተምረው ሌታ ለሥልጠና ደብሊን ስለሚመጣ ደብዳቤውን እሱ ይዞልሽ ይመጣል። ፖስታው ወፈር ቢልብሽ ምክንያቱን ታች ታገኚዋለሽ።

ባለፈው እሁድ እናትሽ በስልክ «አንቺ ፈረሰኛ፣ ደህና ነሽ?» ስትልሽ ከት ብለሽ ሳቅሽ። ድምፅሽ ለእኔም ተሰማኝ። «እማዬ፣ አሁንም ከጨዋታው አልወጣሽም?» አልሻት። እሷም ሳቀች። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ «ይቺ ልጅ ሳቋ ደስ ይላል፤ የማን ናት?» አለችኝ።

ሰው መጣ።

ቢጫ ሳሙና ፈልጋ የመጣች ሴት ናት። ዋጋውን አላውቀውም። «ሌላ ጊዜ የምትከፍይውን ክፈይ» አልኳት። ትንሽ አየችኝና ከፍላ ሄደች። ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ከሳሙና መደርደሪያ ሥር ሲጽፍ ማየት ሳይገርማት አልቀረም።

የት ነበርኩ? ሳጥኑን ካመጣሽበት ክረምት ልጀምር፤ ነገሩ ከዚያ ነው የሚነሳው።

ነሐሴ 2002። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መነጋገር እንኳ አይቻልም ነበር። በምትሠሪበት የአረጋውያን መጦሪያ አንዲት ባልደረባሽ የሰጠችሽን፣ ጠርዙ የተላጠውን ሳጥን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥሽ። የዚያ አገር የጥንት ሰዎች ተረት ነው፣ ካርድ ሆኖ ነው አልሽን። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ሰው ይይዛል፤ እሱን ሆኖ ይናገራል፣ እሱን ሆኖ ይሄዳል፣ ይደበቃል፣ ከብት ይነዳል። ጆሮዋ ቀይ የሆነችውን ነጭ ላም ወደ ራሱ ኮረብታ ያደረሰ ያሸንፋል።

እናትሽ ላሟን አየችና መጀመሪያ የጠየቀችው «ጆሮዋን ምን ነካው? ቆስሏል እንዴ?» ብላ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ጤና ጣቢያ የሠራች ሴት ናት።

«የተረት ላም ናት እማዬ። ከሌላ ዓለም የመጣች።»

«እኔ ግን ያልሆንኩትን ነኝ ብዬ አልዋሽም።»

«ጨዋታ እኮ ነው።»

«ጨዋታም ቢሆን አፍ ይለምዳል» አለች።

ይህንን ንግግሯን ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም። አሁን በቀን ስንት ጊዜ ትዝ እንደሚለኝ።

ከዚያ የሰዎቹን ካርዶች ዘረጋሽልን። ጎንበስ ያለች አሮጊት ነበረች፤ በበትሯ የነካችው መሬት ነጭ ይሆናል። እናትሽ መነጽሯን አጥልቃ አሮጊቷን ብዙ ጊዜ አየቻት። «ይቺን አውቃታለሁ። ይቺ የጎጆ ናት» አለች። ጎጆ ከተማ፣ ደጋው ላይ ያደገ ሰው ውርጭን ያውቃል። በልጅነቷ፣ በኅዳር ወር አንድ ማለዳ፣ የአባቷ ገብስና ድንች እንዳለ ሲቃጠል አይታለች። የውርጭ አሮጊት በዚያው የእናትሽ ሆነች። ብርቅነሽ ባለ ቁራውን ካርድ ስትሰጫት ቁራ ደስ አይለኝም ብላ ባለ ብዙ ከብቷን ንግሥት ያዘች። ለእኔ ዕውሩን ባለቅኔ ሰጣችሁኝ፤ መንገድ የሚያሳየው እሱ ስለሆነ ነው ብላችሁ ተሳሳቃችሁ። አንቺ ፈረሰኛዋን ያዝሽ። በነጭ ፈረስ ባሕሩን ረግጣ ወደ ማዶ የምትሻገረውን ልጅ።

ደንቡን ያበላሸነው እኛ መሆናችንን አምናለሁ። በመጀመሪያው ቀን ብርቅነሽ ላሟን ነድታ ኮረብታዋ ላይ አደረሰች። «አሸነፈች» አልሽ። እናትሽ አልተዋጠላትም።

«ምኑን አሸነፈች? ሰርቃ እኮ ነው።»

«እማዬ፣ ደንቡ ነው።»

«ከብት ተነድቶማ እንዲሁ አይቀርም። ሽማግሌ ይቀመጥ።»

የዳኛውን ካርድ ከሳጥኑ አውጥታ መሀል ላይ አስቀመጠች። ያ ካርድ ነጥብ መጨመሪያ ብቻ ነው ብለሽ ብታስረጂ ማን ይስማሽ። ከዚያን ቀን ወዲህ እኛ ቤት አሸንፎ የሚያውቅ የለም። ላም ይነዳል፤ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ የነዳው ሰው ላሟን በእጁ ይዞ ይቀርባል፤ ይታረቃሉ፤ እንደገና ይጀመራል። «ይሄ ጨዋታ ሳይሆን ወረዳ ፍርድ ቤት ነው፤ ቀጠሮው አያልቅም» ትል ነበር ብርቅነሽ። አንቺም ዓይንሽ እስኪያነባ ትስቂ ነበር።

የሄድሽበት ማለዳ ትዝ ይልሻል? ሻንጣሽ በር ላይ ነበር። ሚኒባሱ ጥሩምባውን ሲነፋ ተራው ያንቺ ሆነ። የእናትሽን ላም አነሳሽ፣ ከፈረሰኛሽ ካርድ ሥር ሸጎጥሻትና «ነዳኋት» ብለሽ ሮጥሽ። እናትሽ እስከ በሩ ተከትላሽ «ሽማግሌ እልክብሻለሁ» አለችሽ። ሁላችንም እየሳቅን ነበር። እየሳቅን መለያየታችን ጥሩ ነው ብዬ አስቤ ነበር።

ሁለቱን ካርዶች አልለያየናቸውም። ቡፌው ላይ እንደተያያዙ ቆዩ፤ ፈረሰኛሽ ከላይ፣ ላሟ ከሥር። ጉዳዩ ክፍት ነው። መጀመሪያ ላይ እሁድ እሁድ በስልክ ተራሽን ትነግሪን ነበር፤ «ጭጋግ አወረድኩ»፣ «ወንዙን ተሻገርኩ» እያልሽ። እኔ ካርዱን አንቀሳቅስልሽ ነበር። ከዚያ ሥራሽ በፈረቃ ሆነ። ወቀሳ አይደለም አቢ። ቅደም ተከተሉን እየነገርኩሽ ነው።

ሁለት ሰዎች ሱቁ በረንዳ ላይ ቆመው ስለ ጤፍ ዋጋ ይጨቃጨቃሉ። የሚገዙ መስሎኝ ተነሳሁ። አይገዙም።

ካለፈው ክረምት ዝናብ በፊት ነው የጀመረው። ጨዋታው አልቆ ካርዶቹ ሲሰበሰቡ እናትሽ የማትሰበሰብ ሆነች። እራት ልንበላ ስንቀመጥ በአሮጊቷ አነጋገር ታወራለች። ሆነ ብላ ታስቀኛለች ብዬ እስቅ ነበር። ከዚያ አማርኛዋ እየሸሻት መጣ። ድሮ ለብርቅነሽ ብላ ጨዋታው ላይ ኦሮምኛ አትቀላቅልም ነበር፤ አሁን ግማሹ ኦሮምኛ ነው። ብርቅነሽ እዚሁ ተወልዳ ስላደገች ይገባታል፤ እሷ በአማርኛ ትመልሳለች፣ ተግባብተው ይውላሉ። የሚያያቸው ሰው ምንም የጎደለ ነገር አይታየውም።

በሐምሌ አንድ ቀን ከቤት ወጥታ ጠፋችብኝ። ሁሉቃ ድልድይ ድረስ ሄጄ አጣኋት። ለካ ባጃጅ ይዛለች። ሹፌሩን «ላሜ ጠፍታብኛለች» ብላዋለች። መልኳን ሲጠይቃት ነጭ ናት፣ ጆሮዋ ቀይ ነው። ልጁ አዝኖላት እስከ ሰንቀሌ ድረስ በየመንገዱ እየቆመ ገበሬዎችን ሲጠይቅላት ዋለ። አንዱ ገበሬ ደግሞ «እንዲህ ያለች ላም ጠዋት ወደ ጉደር ስትሄድ አይቻለሁ» ብሏቸዋል። ሲመሽ በር ላይ አደረሳትና «አባባ፣ ነገ በጉደር በኩል እንሞክራለን» አለኝ። ሒሳብ አልቀበልም አለ። ከብት የጠፋበትን ሰው አላስከፍልም አለ። ምን ልበለው? አመሰገንኩት።

ይህን ስታነቢ ትስቂ ይሆናል። ሳቂ። እኔም ለብርቅነሽ ስነግራት ስቄያለሁ።

አንድ ጊዜ እዚያ መጦሪያ ስላሉ አሮጊት አጫውተሽን ነበር፤ ጫማቸውን ምድጃ ውስጥ ስለሚደብቁት። አንከራከራቸውም አልሽ። እንዲህ አይደለም፣ ተሳስተዋል አንላቸውም፤ ያሉበት ሄደን አብረናቸው እንቀመጣለን አልሽ። ያንን ይዤ ነው እስከ ዛሬ የቆየሁት፤ ብዙ ረድቶኛል። እናትሽ በዚያ ቀን እየሰማችሽ ነበር። «ምስኪን፣ ልጆች የሏቸውም እንዴ?» ብላ ጠየቀችሽ። «አሏቸው፤ ግን ሩቅ ናቸው» አልሻት።

አሮጊቷ በኋላ ምን እንደሆኑ አልነገርሽንም። እኔም አልጠየቅሁሽም። አሁንም አልጠይቅሽም።

ባለፈው ሳምንት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ኦቦ ጉዩ ሊጠይቁን መጡ። ካርዶቹ እንደተዘረጉ ነበሩ። ልሰበስባቸው አልደረስኩም። ኦቦ ጉዩ ቆመው አንድ በአንድ አዩዋቸውና እናትሽን ጠየቁ።

«አዴ ደራርቱ፣ ይሄ ካርታ ነው?»

«ካርታ አይደለም። ከብት ነው።»

«ይሄ ቀንድ ያበቀለው ሰውዬስ?»

«እሱ የዱር አራዊት ጠባቂ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ይበሉት።»

ብርቅነሽ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። ኦቦ ጉዩ ግን ፊታቸው አልፈታም። «አዴ ደራርቱ፣ ለአማኝ ሰው እንዲህ ያለ ነገር...» ብለው ሳይጨርሱ እናትሽ ወንበር ሳበችላቸው።

«ኦቦ ጉዩ፣ ከብት ተነድቶብኛል። እርስዎ ሽማግሌ አይደሉም?»

ሽማግሌ ነዎት ተብለው ተጠይቀው አይደለሁም የሚሉ ሰው አይደሉም። ተቀመጡ። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ድምፃቸውም ተለወጠ፤ ለዕርቅ ሲቀመጡ የሚያወጡት ድምፅ ነው።

«ማን ነው የነዳው?»

«አንዲት ፈረሰኛ ልጅ።»

«የማን ልጅ ናት?»

እናትሽ የፈረሰኛሽን ካርድ አንስታ አየችው። ብርቅነሽ ወደ እኔ አየች፤ እኔ ወደ መስኮቱ አየሁ።

«የደህና ሰው ልጅ ናት» አለች እናትሽ በመጨረሻ። «ፊቷ የደህና ሰው ልጅ ፊት ነው።»

«ምስክር አለሽ?»

«እኔ አለሁ» አለች ብርቅነሽ። «ስትነዳት በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ልጅቷ የት ናት?»

«ማዶ።»

ኦቦ ጉዩ አሰቡ። በእውነት አሰቡ። «ተከሳሽ በሌለችበት ዕርቅ አይቀመጥም። ትጠበቃለች» አሉ። «እኔስ ምን አልኩ?» አለች እናትሽ፤ ፊቷ በራ። ከዚያ ኦቦ ጉዩ ጸለዩ። ለቤቱ፣ ለጤናዋ፣ ማዶ ላለችው ልጅ ጸለዩ። ለከብቱም ጸለዩ።

ልሸኛቸው ስወጣ በሩ ጋ ቆም አሉ። «ኦቦ ፉፋ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከዝናቡ በፊት።»

«ልጅቷ ታውቃለች?»

«ሥራ ላይ ናት» አልኳቸው። ባርኔጣቸውን አደረጉ። ሌላ ነገር አልጨመሩም። አንድ ነገር ቢጨምሩ ይሻለኝ ነበር።

ከኦቦ ጉዩ ፍርድ በኋላ እናትሽ ከሰዓት ከሰዓት በሩ ላይ መቆም ጀመረች። ሚኒባስ ሲያልፍ አንገቷን ታሰግጋለች። ነፋሱ ቀዝቅዟል። በጨዋታው አቆጣጠር ክረምት የሚገባው ዛሬ ነው፤ ለእኛ ክረምቱ ከወጣ ከረመ። ያኔ ይህንን ስትነግሪን እናትሽ «እነሱ ክረምት የሚሉት የእኛን ውርጭ ነው» ብላ የጎጆን ብርድ የተረከችልሽን አስታውሳለሁ። ካፖርቷን አልብሻት አብሬያት እቆማለሁ። ያለችበት ሄጄ አብሬያት መቆሜ ነው። ግን ይደክማታል፤ ሲመሽ እግሯ ያብጣል። ስለዚህ ጉዳዩን ብዘጋው ትረጋጋለች ብዬ አሰብኩ።

ፊቷን ስትታጠብ ላሟን ከፈረሰኛሽ ሥር አወጣሁና እሷ በምትቀመጥበት ፊት ለፊት አስቀመጥኳት። ስትመጣ «ላምሽ ተመልሳለች» አልኳት።

አነሳቻት። በፊትም በጀርባም አየቻት። «ማን አመጣት?»

«ልጅቷ ናት የላከቻት።»

«የላከቻት?» ረጋ ብላ አየችኝ፤ ድሮ ያልታመመ ተማሪ የሕመም ፈቃድ ሊያጽፋት ሲመጣ እንደምታየው። «ላም የነዳ ሰው ላም አይልክም። ራሱ ይዟት ይመጣል።» ተነስታ ካርዱን ወደነበረበት፣ ከፈረሰኛሽ ሥር መለሰችው። «አንተ ትቸኩላለህ» አለችኝ። ከዚያ በኦሮምኛ «ኒ ዱፍቲ» አለች። ትመጣለች ማለቷ ነው። ለእኔ ይሁን ለራሷ አላወቅሁም።

ይህን ነገር ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩ። ጉዳዩ ከተዘጋ ልጅቷ የምትመጣበት ምክንያት እንደማይኖር ገብቷት ይሆን? ወይስ ምንም አልገባትም፣ የቀራት ያቺ የደንብ ቁራጭ ብቻ ናት? የትኛው እንደሚያስፈራኝ መለየት አቃተኝ። ስምሽን ስጠራላት አንዳንድ ቀን ፈገግ ትላለች፤ አንዳንድ ቀን በትሕትና ትሰማኛለች። ፈረሰኛዋ ስላት ግን ሁልጊዜ ቀና ትላለች። ላሟን የነዳችውን ልጅ አትረሳትም። እስካሁን አልረሳቻትም።

ለገና ያልሽው ለፋሲካ፣ ለፋሲካ ያልሽው ወደሚመጣው ክረምት መተላለፉን አልነገርኳትም። ሥራሽ ላይ ጫና አልፈጥርም። ፈቃድ መጠየቅ እዚያ ቀላል እንዳልሆነ ነግረሽኛል፤ አምናለሁ። በፈረሰኛሽ ካርድ ግርጌ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን ግን ትናንት በማጉያ መነጽር አነበብኩት፤ ፈረሰኛዋ በማዶ አገር አንድ ዙር ስትቆጥር፣ ኮረብታው ላይ የቀሩት ሦስት ይቆጥራሉ ይላል። ያኔ አስረድተሽን ነበር። ለነጥብ ስሌት ብቻ መስሎኝ ነበር።

አሁን ፖስታው ለምን እንደወፈረ ልንገርሽ። ዛሬ ጠዋት ላሟን ከፈረሰኛሽ ሥር አውጥቼ በወፍራም ወረቀት ጠቅልዬ እዚህ ውስጥ አስገባኋት። ጥግዋ ትንሽ ታጥፏል፤ እናትሽ ስለምታሻሻት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ላሟ ልጅቷ ዘንድ ናት ስንል ቡፌው ላይ ነበረች። አሁን በእውነት አንቺ ዘንድ ናት። በፖስታ እንዳትመልሺያት። ብትመልሺያትም የሚቀበልሽ የለም፤ ደንቡን ታውቂዋለሽ።

«እኛ ደህና ነን» ለምትለዋ እዚህ ጋ ቦታ ትቼ ነበር። ቦታው ይቆይ።

ልጄ፣ ጌታ በሥራሽም በመኝታሽም ከአንቺ አይለይ። ለእነዚያ ሩቅ ልጆች ላሏቸው አረጋውያን የዘረጋሽው እጅ ይባረክ። ባሕሩን የሚያሻግርሽ መንገድ ሁሉ ቀና ይሁንልሽ።

የሚናፍቅሽ አባትሽ
ፉፋ

ፖስታውን ሳላሽግ ብርቅነሽ ሱቋን ልትረከበኝ ስለመጣች ይህችን ልጨምር። እናትሽ የፈረሰኛሽን ካርድ አንስታ ሥሩን ባዶ አገኘችው። ብርቅነሽ ታለቅሳለች ብላ ፈርታ ነበር። እናትሽ ግን «አየሽ? በእውነት ነድታታለች። እንግዲህ ይዛት መምጣቷ አይቀርም» አለች። ከዚያ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች፤ ያንቺን ፍራሽ ብቻዋን ጎትታ አወጣችና ፀሐይ ላይ አሰጣችው። ብርቅነሽ «ለማን ነው?» ብትላት፣ «ለተከሳሽዋ ነዋ፤ ከሩቅ ነው የምትመጣው» አለቻት። እሮጣለሁ አሁን፤ ደመና እየመጣ ስለሆነ ፍራሹን ማስገባት አለብኝ።